ሆድ ይፍጀው ማለት መድኃኒት ነውን?

በአገራችን አንድ ሰው የደረሰበትን መከራ ልናገር ወይስ ልተው እያለ ሲያመነታ ቆይቶ፥ በመጨረሻው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። አነጋገሩ ጨዋነት አለበት፤ ገመናን በአደባባይ አለመዝራት፥ የቤትን ነገር በቤት ማስቀረት ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ነውና። ነገር ግን ቃሉን ጠጋ ብለን የመረመርነው እንደ ሆነ፥ ሆድ ነገርን የሚፈጀው ራሱም እየተፈጀ መሆኑን እናስተውላለን። እንቅልፍ የሚነሣቸው፥ ምግብ የማይረጋላቸው፥ ሐኪም መርምሮ ምንም ሳያገኝባቸው ራሴን፥ ጨጓራዬን፥ ወገቤን እያሉ የሚመላለሱ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም ምሳሌ የዚሁ ሕዝብ ምሳሌ ነው። ሁለቱን አነጋገሮች ከአንድ ሰው አፍ መስማታችን የሚያስገርም ነው።

በየቤቱ የሚሆነውን አንባብያን ያውቁታል። ከልጆች አንዱ፥ አድጎ ሥራ የያዘውም ቢሆን፥ አንድ ቀን እራት ከተበላ በኋላ «ወደ ሥነ ልቡና አማካሪ ልሄድ አስቤአለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ቤቱ ይታወካል። እናት «ምን አጐደልንብህ?» ትላለች። አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ያዝዛል። አያት ደግሞ ሱባኤ ይያዝለት፥ ጠበል ይወሰድ ትላለች። ሦስቱም የተናገሩት ከፍቅር የተነሣ ስለ ሆነ ማናቸውንም መንቀፍ አይገባም። የሆነ ሆኖ፥ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጠይቆ ልጁ ነገሩን እስኪጨርስ ድረስ በትዕግሥት የሰማው ከሦስቱ አንድ እንኳ አልተገኘም።

ይህ የምክር ሕክምና፥ በውጭ ቋንቋ ቴራፒ የሚባለው፥ አእምሮውን ለሳተ ሰው ብቻ የተዘጋጀ የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። ወደ አማካሪ ከሚሄዱት መካከል ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ፥ ልጆች የሚያሳድጉ፥ በሰንበት የሚያስቀድሱ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የሚያስጨንቃቸው በውስጣቸው የሚሰሙት ክስ ነው፤ «አንተ አትረባም፤ እውነተኛ ማንነትህን ቢያውቁ ይንቁህ ነበር፤ ከእነዚህ ሰዎች ወገን አይደለህም» የሚል ክስ ነው። መነሻውም ልዩ ልዩ ነው።

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል በሰው ቤት ያገለገሉ ብዙ ሴቶች ነበሩባቸው። እንዲህ ያለችው ልጅ ወደ እናቷ ቤት ስትገባ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዓይኑም ወደ ሻንጣዋ ይሄዳል። በየወሩ የላከችው ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል፥ ታናናሾቿንም አስተምሯል። እርስዋ ግን በሩ ከውጭ የተቈለፈባት እየመሰላት ሌሊት ትባንናለች። የደረሰባትን ብትናገር ስሜ ይጠፋል ብላ ትፈራለች። ባትናገር ደግሞ፥ ዘመዶቿ እልል ብለው የተቀበሉት እርስዋን ሳይሆን ያላገኙትን ሌላ ሰው ይመስላታል። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች ማለት ነው። ለእንዲህ ያለችው እኅት «በሕይወት ተመልሰሻልና አመስግኚ» ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን አያስተኛትም።

በዋሽንግተን አካባቢ ተወልዶ ያደገው ልጅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ባይተዋርነት አለበት። በትምህርት ቤት ስሙን አቃንቶ የሚጠራው አያገኝም፤ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ደግሞ አማርኛው ተሰባበረ ብለው ትልልቆቹ ይሥቁበታል። ቅዳሴው በግእዝ፥ ስብከቱ በአማርኛ፥ የልቡ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ አገር በትምህርት ቤት አማካሪ መኖሩ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ጭንቀቱን ከወላጆቹ አስቀድሞ ለእርሱ ይናገራል። ወላጆቹም ይህን በሰሙ ጊዜ የቤታቸው ገመና ለመንግሥት እንደ ተነገረ ያህል ይደነግጣሉ። በባዕድ አገር ሕግ ሥር የሚኖር ሰው መፍራቱ አይነቀፍም። የሚሻለው ግን ሁለቱም ወላጆች አማካሪውን ሄደው ማነጋገር፥ ምን እንደሚሠራና ምስጢርን እንዴት እንደሚጠብቅ መጠየቅ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናስገንዝብ፤ እናት ራስዋ ምክር ፈልጋ በሄደች ጊዜ ልጅዋን አስተርጓሚ አድርጋ ልትወስድ አይገባም፤ የአንድ አጥቢያ ሰውም ለዚህ አይመረጥም። ሙያው ያደረገ አስተርጓሚ፥ ቢገኝም አማርኛ የሚያውቅ አማካሪ መጠየቅ ይበልጣል።

ከክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሳንሸሸው ልንመልሰው ይገባል። «ራስን መካድ የታዘዘ ሲሆን፥ ራስን መቀበል የሚሉት ነገር ከየት መጣ? ትዕቢትስ አይሆንምን?» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ጥያቄ የሚነሣው ትሕትናና ራስን መጥላት ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ስለሚመስሉ ነው፤ ሁለቱም አንገታቸውን የደፉ ናቸውና። ትሑት ሰው ግን ስለ ራሱ ብዙ አያስብም፤ ሲመሰገን ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ይሰጣል፥ ሲነቀፍ ራሱን ይመረምራል፥ ሲመሽም ይተኛል። ራሱን የሚጠላ ሰው ግን ከማለዳ እስከ ማታ የሚያስበው ስለ ራሱ ነው፤ ሲመሰገን ሰውን ያታለለ ይመስለዋል፥ ሲነቀፍም «ድሮስ አላልሁም?» ይላል። ንስሐ ገብቶ፥ ካህኑ ፈትቶት፥ ቀኖናውንም ፈጽሞ ሳለ፥ ያንኑ የተፈታውን ኃጢአት በየሳምንቱ ይዞ የሚመለሰውን ሰው ልምድ ያላቸው የነፍስ አባቶች ያውቁታል። ይህ ሰው ደግሞ አልበደለም፤ ይቅርታውን መቀበል አቅቶት ነው። ባልንጀራን መውደድ እንኳ በሕጉ የተለካው ሰው ለራሱ ባለው ፍቅር መጠን ነው፤ መለኪያው ከተሰበረ ልኩ ከወዴት ይገኛል? ደግሞስ ራሱን ያላገኘ ሰው የሚክደው ምኑን ነው?

ራስን መቀበል ማለት በደልን በደል አይደለም ማለት አይደለም። የሆነውን ሆነ፥ የደረሰውን ደረሰ ብሎ፥ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ መመልከት ነው።

በዚህ ጥበብ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ሃይማኖት ከሚያጠብቅ የፕሮቴስታንት ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ በኒው ዮርክ በሚገኘው የዩኒየን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ወደ ሥነ ልቡና ትምህርት ተሻገረ። ትምህርቱም፥ አማካሪ የተቸገረውን ሰው ሳይፈርድበትና ሳያስመስል ቢቀበለው፥ ሰውየው ራሱን ያለ ፍርሃት ለመመልከት ይደፍራል፤ የመለወጥም ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ነው የሚል ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘኬዎስ ከዛፍ የወረደው ተነቅፎ ሳይሆን በስሙ ተጠርቶ እንደ ሆነ፥ የበደለውንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ በቤቱ ለመዋል ከፈቀደ በኋላ እንደ ሆነ እናውቃለን። ሮጀርስን በሁሉ ነገር መከተል ግን አይገባንም። ሰው በተፈጥሮው ወደ በጎ የሚያድግ ነው ማለቱ፥ ስለ ውድቀትና ስለ ጸጋ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው በፊላዴልፍያ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ይህ ሰው በ1960ዎቹ፥ በጽኑ ኀዘን የተያዙ በሽተኞችን ሲያዳምጥ፥ ስለ ራሳቸው፥ ስለ ዓለምና ስለ ወደፊት ኑሮአቸው ሳይጠሩት የሚመጣ ክፉ ሐሳብ እንደሚመላለስባቸው ተገነዘበ። በሽተኛው ያን ሐሳብ ለይቶ እንዲያውቀው፥ ከዚያም እንደ ዳኛ ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ እንዲመረምረው አስተማረ። ይህን የሰማ የገዳም ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉትን መጻሕፍተ መነኮሳት የተማረ ሰው፥ ወደ ልብ የመጣ ሐሳብ ሁሉ የራስ እንዳልሆነ፥ ለአባት ያልተገለጠ ሐሳብም በስውር እንደሚበረታ ከጥንት ያውቃልና። ሐኪሙ የሚሻው የሰውየውን ጤንነት ነው፤ አባቶች ግን በዚያ ሳያቆሙ ወደ ጸሎት ያደርሱታል። ስለ መነሻው ግን ብዙ አይለያዩም።

የሚያስፈራው የመጀመሪያው ቀን ስለ ሆነ፥ በዚያ ቀን የሚደረገውን ማወቅ ይጠቅማል። ክፍሉ ወንበሮችና ጠረጴዛ ያሉበት ተራ ክፍል ነው፤ በሲኒማ እንደሚታየው ሰው ተጋድሞ የሚናገርበት ስፍራ አሁን እምብዛም አይገኝም። ጊዜው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይሆናል። አማካሪው ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ ሥራ፥ ስለ ልጅነት፥ በሞት ስለ ተለዩ ዘመዶች፥ ስለ መጠጥና ስለ ጫት፥ እንዲሁም መሞትን ተመኝተህ ታውቃለህን ብሎ ይጠይቃል። የአካል በሽታ እንዳይኖርም ወደ ሐኪም ሊልክ ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባትና የደም ማነስ ድካምንና ትካዜን ሊያመጡ ስለሚችሉ፥ የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። የተነገረው ነገር ምስጢር ነው። የሰውየው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፥ ሕፃንም ሲበደል ከዚህ ወሰን ይወጣል፤ መልካም አማካሪ ይህን ወሰን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል፤ ካልተናገረም መጠየቅ ይገባል።

ወገናችንን ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደው፥ «እንግዲህ ምን ትመክረኛለህ?» ሲሉት አማካሪው መልሶ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ማለቱ ነው። እኛ የለመድነው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ሰምቶ ይፈርዳል። «ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልሁት?» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት የሚቀር ሰው አለ። አማካሪው ግን ፍርዱን የሚያዘገየው፥ ይሉኝታ ያደከመው ሰው የሌላውን ፍርድ ሲጠብቅ ዕድሜውን ስለ ጨረሰ ነው። ሰውየው የገዛ ድምፁን እንደ ገና እስኪሰማ ድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሐሳብን በመመርመር የሚደረገው ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሆኖ ከ8 እስከ 20 ጊዜ ይፈጃል። የቆየ ቍስል የነካ ሕክምና ከዚያ ይረዝማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ የባሰ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። አራትና አምስት ጊዜ ተሞክሮ ከአማካሪው ጋር መግባባት ካልተቻለ ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም። እምነትን የሚያቃልል አማካሪ ያጋጠመውም ሰው ይህንኑ ፊት ለፊት ይንገረው፤ ካልታረመም ይተወው።

የነፍስ አባት ሥራና የአማካሪ ሥራ አንዱ የሌላውን አይተካም። ካህኑ በተሰጠው ሥልጣን ይፈታል፤ አማካሪ ማንንም ሊፈታ አይችልም። አማካሪው ደግሞ ድንጋጤ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን፥ የሌሊት ቅዠት የሚቀልበትን መንገድ ተምሯል፤ ይህን ደግሞ ካህኑ ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅም። በአባቶቻችን ዘንድ የንስሐ ሥርዓት የተጻፈበት አንዱ መጽሐፍ «ፈውስ መንፈሳዊ» መባሉ፥ ሐኪምን ማክበርም በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ የታዘዘ መሆኑ፥ ሁለቱን ለማጣላት የሚፈልገውን ሰው ያሳፍረዋል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በአእምሮ ሕመምም በኩል፥ ከአዲስ አበባ አጠገብ በሚገኝ የጠበል ስፍራ አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ በ2013 ዓ.ም. በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን ኪኒን ያቋርጥ የሚል ሰው ቢገኝ፥ ከየትኛውም ወገን ቢሆን አይሰማ።

የባለሙያ ማነስ እውነተኛ ችግር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተከፈተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፥ በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በጥቁር አንበሳ፥ በቅዱስ ጳውሎስ፥ በጅማና በጎንደር ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «አማኑኤል ገባ» መባልን የሚፈራ ሰው ከቅርብ ጤና ጣቢያው ሊጀምር ይችላል።

ባለሙያ ባነሰበት አገር ምን ሊደረግ እንደሚቻል ያሳየችን ዚምባብዌ ናት። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም፥ አንዲት በሽተኛው ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሳትመጣ ቀርታ ሕይወቷን ማጥፋቷን በሰማ ጊዜ እጅግ አዘነ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006፥ በሐራሬ ከተማ ምባሬ በተባለው ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ፥ ከጤና ጣቢያው አጸድ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው ከአንዲቱ አጠገብ ተቀምጦ ይናገራል፤ እርስዋም ትሰማዋለች፥ ከችግሮቹም አንዱን አስመርጣ መፍትሔ እንዲፈልግ ትረዳዋለች። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ በ2016 ሲታተም፥ በእነዚህ እናቶች የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው ቀሎ ተገኘ። ሕመሙን የሚጠሩበት የአገሩ ቃል «ኩፉንጊሲሳ» ነው፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛም ሰው «ሐሳብ ገባው» ይላልና ስሙን ለመተርጐም አንቸገርም።

እኛስ የቡና ሥርዓት አለን የሚል ሰው ይኖራል። መልካም ነው፤ ቡና ብቸኝነትን ያርቃል። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በአቦል ላይ የተነገረ ምስጢር በረካው ሳይቀዳ ሰፈሩን ያዳርሳል። የሐራሬ እናቶች ያላቸው፥ የእኛ ቡና የሌለው አንድ ነገር፥ የሰሙትን ለመጠበቅ የተማሩ መሆናቸው ነው።

ለወላጆች ጥቂት ቃል እንጨምር። ልጃችሁ ምክር እፈልጋለሁ ያለ ጊዜ፥ የመጀመሪያው መልስ «ማን ይውሰድህ? ለብቻህ ትሄዳለህ ወይስ አብሬህ ልሂድ?» ይሁን። ከተመለሰ በኋላ ምን አወራችሁ ብሎ መመርመር አያስፈልግም፤ እራት ይቅረብለት። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ አስቀድሞ ተግሣጽ አላመጣለትም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ አበላው፥ እንደ ገናም እስኪተኛ ተወው፤ «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ብዙ ቀን ቆይቶ ነው። ልጁ መኖር ሰልችቶኛል የሚል ነገር ከተናገረ፥ ራስህን ለመግደል አስበሃልን ብሎ በግልጥ መጠየቅ ይገባል። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል ማለት ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። አዎን ካለ ብቻውን አይተው፥ ገመድና መርዝ፥ ብዙ ኪኒንም ከቤት ይራቅ፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በአሜሪካ ለሚኖሩት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል የስልክ ቍጥር ለዚሁ ተከፍቷል።

ሕክምናው ሁሉን አይጨርስም፤ ይህን ባለሙያዎቹም አይክዱም። በአማካሪው ክፍል ውስጥ ራሱን መቀበል የጀመረ ሰው፥ ከዚያ ክፍል ወጥቶ የሚቀበለው ወገን ያስፈልገዋል። ጌታ በጌርጌሴኖን አገር፥ በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው በፈወሰው ጊዜ፥ ሰውየው ልከተልህ ብሎ ቢለምነው አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤተ ሰቡ መለሰው። ሰውየው ከሕመሙ የዳነ ቢሆንም፥ የገዛ አገሩ ሰዎች ልብስ ለብሶ፥ አእምሮው ተመልሶለት ባዩት ጊዜ ፈርተው እንደ ነበር ወንጌሉ ይነግረናል። ወደ እነዚያ ሰዎች መመለሱ ቀላል አልነበረም።

በአገራችን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት አለ፤ ማኅበርና ሰንበቴ። ይሁንና ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጅ ወደ እናቷ ማኅበር ስትመጣ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ልትመለሺ ነው?» ወይም «ትዳርስ?» ከሆነ፥ በሚቀጥለው ወር አትገኝም። አንድ የሰንበቴ ሙሴ ይህን አስቀድሞ ለአባላቱ ቢናገር ብዙ አይቸገርም። ከሴቶቹ አንዲቱ አጠገቧ ትቀመጥ፥ ዳቦው ሲቈረስ ድርሻዋን ትስጣት፥ ካልጀመረች በቀር ስለ ዐረብ አገር አታንሣባት። ተራ ስለ መቀበልና ጽዋውን ወደ ቤቷ ስለ መውሰድ ግን፥ እንደ ማንኛዋም አባል በሚገባው ወር ትጠየቅ፤ ዘንድሮ አልችልም ብትልም ስሟ ከመዝገቡ ሳይሰረዝ ለከርሞ ይተላለፍላት።